ፊቻ አልነሳም ያለችበት የሠርግ ቀን

ሴንካን እምቢ የሚል ሞተር ገና አልተፈጠረም። ይህን ያለው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሷ ናት። የጎረቤቱን ትራክተር ያስነሳሁት እኔ ነኝ ትላለች፤ ሲነሳ አጠገቡ ቆማ እንደነበር እውነት ነው። የቤታቸውንም የሞተር መጋዝ ጠግናለች፤ ከዚያ ወዲህ አባቷ እንጨት የሚፈልጠው በመጥረቢያ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እራት ላይ፣ "እቴ ግሮዝዳና ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በአያቴ መኪና፣ በፊቻ ነው፤ ለእኔ ተዉት" አለች። ሙሽራዋ ከልጅነቷ የምትመኘው ይህንኑ ነበርና እህቷን አገላብጣ ሳመቻት። አያትየው ብላጎዬ ሾርባቸውን አፈሰሱ። አባታቸው ቪቶሚር ደግሞ ወዲያው ስልክ አንስቶ የተከራየውን መኪና አስቀረ። እንግዲህ ፊቻ ካልተነሳች የቀረው የአጎታቸው መኪና ብቻ ነው፤ እሱም አሳማ የሚጫንበት።

ፊቻ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ኤሊ የመሰለች ትንሽ ሰማያዊ መኪና ናት። አያትየው ዓይናቸው ሲደክም ከበቆሎው ጎተራ ሥር አቁመው ሸራ አለበሷት። ያኔ ሴንካ ገና ትድህ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሳፈረባት ዶሮ ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት ሴንካ አሮጌውን ቤንዚን ቀድታ ደፋች፤ ሽታው ቀለም ቀለም ይላል። አዲስ ሞላች። ካንዴላዎቹን ፈትታ ፈገፈገች፤ ከካርቡሬተሩ ላይ ላባ ለቀመች፤ የትራክተሩን ባትሪ አሰረችላት። "ነገ ቁልፍ ማዞር ነው" ብላ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ግሮዝዳና ነጭ ለብሳ ግቢው መሀል ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሴንካ ቁልፉን አዞረች። ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፤ ፊቻ አንዴ "እህ" ብላ ሳለችና ዝም አለች።

"ምነው?" አለች ሙሽራዋ።

"ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው።"

ደግማ አዞረች። እህ። ዝም።

"ሴንኪትሳ፣" አሉ አያትየው ስሟን አቆላምጠው፣ "እኔ እኮ ያኔ ሳቆማት..."

"አያቴ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ።"

ካንዴላ ፈትታ ብረት ላይ አስደግፋ ሞከረች፤ እሳቱ ቷ ይላል። ጫፉን ነካችው፤ ቤንዚን ነክቶታል። እሳት አለ፣ ቤንዚን አለ፣ ባትሪ አለ። ታዲያ ምን ጎደላት?

"ልጄ፣ ከኋላ በኩል..."

"ሞተሯ ከኋላ መሆኑን አውቃለሁ፣ አያቴ።"

"የአሳማውን መኪና ልጠብ?" አለ ቪቶሚር።

"አባዬ፣ አታሟርት።"

ከመንገዱ ጫፍ የሙሽራው ወገን ጥሩምባ ተሰማ። ግሮዝዳና ከንፈሯን ነክሳ ቀሚሷን አየች። ይሄኔ ሴንካ እስከ አንገቷ ቀላች። ፊቷን ማንም እንዳያይባት ከመኪናዋ ኋላ መሬት ላይ ተዘረጋችና፣ "አባዬ፣ እስቲ አንተ አዙረው" አለች። ሞተሩ ሲዞር እጇን ጭስ በሚወጣበት በማርሚታው አፍ ላይ ያዘች። ትንፋሽ የለም። ጠጋ ብላ ብታይ ቧንቧው በጥላሸት በጠቆረ የበቆሎ ቆረቆንዳ ድፍን ብሏል።

በዚያ መንደር ቆረቆንዳ የማይወተፍበት ቀዳዳ የለም፤ የፕለም አረቄው ደምጃን፣ የኮምጣጤው እንስራ፣ የአይጥ ጉድጓዱ።

"አያቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ቆረቆንዳ ነዋ። አይጥ እንዳይገባባት ወተፍኳት። ከጠዋት ጀምሮ ምን ልነግርሽ ነው የምለፋው?"

በፒንሳ ብትጎትተው ጫፉ ተሰበረ፤ የቀረው ግን ትንሽ ተነቃነቀ። "አባዬ፣ አዙር፤ አትልቀቀው" ብላ ወደ ጎን ዘለለች። የሙሽራው ወገን በሩን አልፎ ሲገባ ፊቻ ዷ አደረገችው። ቆረቆንዳው ግቢውን አቋርጦ በርሮ የከበሮ መቺውን ከበሮ መሀል ለመሀል አለው። ሰውየው ያስጀመሩት መስሎት ደለቀ፤ ጥሩምባ ነፊዎቹም ተከተሉ። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ሞተሩ ተርተር ይል ጀመር፤ ዶሮዎቹ አጥር ላይ ወጡ፤ አያት ብላጎዬ ኮፍያቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ግሮዝዳናማ ግቢ የሚላትን ሳትጠብቅ ቀሚሷን ሰብስባ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ቪቶሚር ፍሬኑን ቢረግጠው እስከ ወለሉ ሰመጠ። ሴንካ ፍሬኑን አላየችውም ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ደግሞ ቁልቁለት ነው። "ችግር የለም" አሉ ሁለት ግዙፍ የሙሽራው አጎቶች፤ የድርቆሽ ማሰሪያ ገመድ ከኋላ አሰሩና ተረከዛቸውን ተክለው ያዙ። ፊቻ በኤሊ እርምጃ፣ ሙሽራዋ በመስኮት እየሳቀች፣ ከበሮው እየተደለቀ፣ ጉዞ ተጀመረ።

ሴንካ ፊቷ ጥላሸት እንደሆነ ደረቷን ነፍታ ከከበሮ መቺው ጎን ሄደች። "አየህ አይደል?" አለችው። "እኔን እምቢ የሚል ሞተር..."

አባቷ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ሞተሩን ተይና ገመዱን ያዢ።"