ሳይነድ የከበደው ሽቦ

«ይከብዳል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

መምህርት ኪሪኮ ክብሪቱን እንደጨበጠች ቀረች። ሚዛኑ ላይ ያለው የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ገና አልነደደም። እሷ «ሲነድ ክብደቱ ምን ይሆናል ትላላችሁ?» ብላ መጠየቋ ነበር። ሌላ ጊዜ ልጆቹ «ይቀላላ! አመድ ሊሆን አይደል?» እያሉ ይንጫጫሉ፤ ከዚያ ብረቱ ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ መክበዱን ሲያዩ አፋቸውን ይይዛሉ። የትምህርቱ ነፍስ እዚያች ላይ ናት። ዛሬ ከየትምህርት ቤቱ ስታስተምር ሊያዩዋት የመጡ መምህራን ከኋላ ቆመው በአድናቆት ሲጽፉ፣ የሚሳሳት ልጅ ጠፋ።

ደወሉ እንደተደወለ ቺናሚ የምትባለውን ተማሪ ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት።

«ማነው የነገራችሁ?»

«ቲቸር፣ እንዳይቆጡን። ትናንት እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ምክትሉ መጥተው ቤተ ሙከራውን ከፍተው ሽቦውን አነደዱልን። ‹ነገ እንግዳ ፊት እንዳታዋርዱን› ብለው መልሱንም አስደገሙን።»

ኪሪኮ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ድመት እንኳ ይቅርታ ጠይቃ የምታባርር ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ደረጃውን እየረገጠች ወረደች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሺባታ ፈገግ ብለው ጠበቋት።

«አየሽልኝ? አንድ እንከን የለው!»

«ትምህርቴን ገደሉት።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ እንግዳ ይሰማል! እንዳታፍሪ ብዬ እኮ ነው።»

«እነሱ ቢሳሳቱ እኔ ምን ያሳፍረኛል? ይሄን ሁሉ የለፋሁት የት ላይ እንደሚሳሳቱ ለማየት ነው!»

«እሺ፣ ነገ ትሰድቢኛለሽ። አሁን ከእንግዶቹ ጋር ግምገማው ላይ እንደ ልማዱ ‹ብዙ ይቀረኛል፣ አመሰግናለሁ› በይና ቁጭ በይ። የትምህርት ቤቱን ስም አስቢ።»

ግምገማው የተደረገው በመምህራን ክፍል ነበር፤ ቀድማ የምትናገረው ያስተማረችው ናት፤ ደንቡ ነው። ኪሪኮ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ፊት ለፊቷ አንዲት ጀማሪ መምህርት ትምህርቱን እንዳለ ለራሷ ክፍል ልትወስድ እስክሪብቶዋን ቀስራለች።

ያቺን እስክሪብቶ ስታይ «አመሰግናለሁ» ማለቱን ተወችው።

«የጻፋችሁትን ሰርዙት» አለች። «ልጆቹ መልሱን ትናንት አጥንተው ነው የመጡት። ያያችሁት ቲያትር ነው።»

ሺባታ ሳሉ። ደግመው ሳሉ።

«የ‹ለ› ክፍል ይህን ገና አልተማረም። ነገ ጠዋት አስተምራቸዋለሁ፤ ሲሳሳቱ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።»

ከዚያ ከሺባታ ወንበር ጀርባ የተሰቀለውን የቤተ ሙከራ ቁልፍ አወረደችና ኪሷ ከተተችው።

«እስከ ነገ እኔ ጋ ይደር» ብላ፣ ከወትሮው ዝቅ ብላ እጅ ነሳቻቸው።