አዲሱ መሪና የአጎቴ ግራ እጅ

የአጎቴ ሚስት ማ ሌሴጎ፣ ማለትም የሌሴጎ እናት፣ እንደሚሉት የባላቸው ግራ እጅ ታሟል፤ ሻይ ሲይዙ ይንቀጠቀጣል፣ ኮምፒውተሩ ላይ በበረራ ጨዋታ ሲያበሩም አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። አጎቴ እንደሚሉት ደግሞ እጁ ደህና ነው። የታመመው የጨዋታው መሪ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ታስሮ የኖረ ፕላስቲክ ምን ጤና ይኖረዋል?

እኔ ሁለቱንም አምን ነበር። ሻዩ ሲፈስ አይቻለሁ፤ መሪው ውስጡ የተበላ ነገር እንዳለም ሳዞረው ይሰማኝ ነበር።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አልነበረም። አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቦትስዋናዋ ማውን ከተማ ወደ ኦካቫንጎ ረግረግ የጎብኚ ካምፖች በትንሽ አውሮፕላን እንግዳ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን የድሮ መሥሪያ ቤታቸው ለደረቁ ወራት ተመለሱልን ብሏቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ እሳቸው ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ ሰርዘዋል። አንድ ቀን ሚስታቸው በሌሉበት፣ "ካልሄድኩ ሐኪሙ እጅህ ታሟል ብሎ አይነግረኝም" አሉኝ። ያኔ ነው መሪውን ሲከሱ እጃቸውን እንደሚፈሩ የገባኝ።

አጎቴ ያዘዙት አዲሱ መሪ ረቡዕ ከዋና ከተማዋ ከጋቦሮኔ በአውቶቡስ መጣ። አሮጌውን ፈትቼ እሱን አጠበቅሁት። ማ ሌሴጎ የሚለቅሙትን ባቄላ እንደያዙ ከኋላችን ቆሙ።

"ለሚንቀጠቀጥ እጅ አዲስ ማንኪያ ተገዛለት" አሉ።

አጎቴ አኮብኩበው ተነሡ። አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ ወደ ቀኝ ጋደለ። አቃኑት፤ እንደገና ወደ ቀኝ ሄደ።

"ደግሞ ጎን ለወጠ?" አሉ ማ ሌሴጎ፤ የቀልድ ድምፅ ግን አልነበራቸውም። የአጎቴ ፊት አመድ መሰለ።

እኔን የገረመኝ ጎኑ መለወጡ ነው። "አጎቴ፣ ክንፉን ያስተካክሉና እጅዎን ይልቀቁ" አልኳቸው።

"ሰማይ ላይ?"

"ሳሎን ነን እኮ።"

ለቀቁት። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሄደ። አሮጌውን መልሼ ሰካሁት፤ ማንም ሳይነካው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ጋደለ። ለካ እጃቸው ይህን ለማረም ሳይታወቃቸው ወደ ቀኝ መግፋት ለምዶ ኖሯል። ከአሮጌው መሪ ግትር የውስጥ ሞላ ጋር በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚታገል እጅ ሲኒ ላይ ቢንቀጠቀጥ ምን ይደንቃል? ይህን እንደ ግምት ነገርኳቸው እንጂ ሐኪም አይደለሁም።

አጎቴ በአዲሱ እንደገና በረሩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እጃቸው የድሮውን አመል ረሳ፤ ማኮብኮቢያው መሐል ላይ ቀስ ብለው አረፉ። ማ ሌሴጎ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ለካ እስካሁን ቆመው ነበር።

"እና ራ ሌሴጎ፣ አሁን ምን ልትል ነው?" አሉ በቀስታ፣ ባላቸውን በልጃቸው አባትነት ጠርተው።

አጎቴ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩአቸው።

"ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ። አንቺም አብረሽኝ ትገቢያለሽ፤ በቃህ ካለኝ አልከራከርም፤ ብረር ካለኝ ግን አንቺም አትከራከሪኝም።"