የኡስታ መጋዚ ቢጫ አምፖል

ትን... ትንትን።

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ስለማይኖር ባንኮኒው ላይ ክንዴን አስደግፌ በሐሳብ እጠፋለሁ። መደርደሪያው ላይ ያሉት አምፖሎች ገና ያልመጡ ምሽቶችን በሆዳቸው ይዘው የሚጠብቁ ይመስለኛል። ያን ድምፅ ግን በእንቅልፌም ብሰማው አውቀዋለሁ። አንድ ሰው የተቃጠለ አምፖል ጆሮው ሥር አድርጎ እየነቀነቀ ነው።

"አንተ ሻዝሊ! ተኝተህ ነው እንዴ የምትሸጠው?"

በሂጃ ናት፤ ልጅ ሳለሁ አዝላኝ የዞረች ጎረቤታችን።

"አልተኛሁም፤ እያሰብኩ ነው።"

"ስታስብ ታንኮራፋለህ ማለት ነዋ!"

እኛ ሰፈር የተቃጠለ አምፖል ዝም ብሎ አይጣልም። የቆሻሻ ሰብሳቢው እጅ እንዳይቆረጥ፣ አዲሱ በመጣበት ካርቶን ውስጥ ገብቶ ነው የሚወጣው። በሂጃም ያን ካርቶን በሌላ እጇ ይዛለች። ቆሻሻ ሰብሳቢው ሰሞኑን ስላልመጣ በር ላይ ተቀምጦ ተርፏል።

"እንደዚህ ያለውን ስጠኝ። ቢጫውን፣ ባለ መቶ ዋቱን።"

"ከገበያ ከጠፋ ቆየ እኮ። የቀረችውንም ጫጩት አርቢዎች ለማሞቂያ ወሰዷት። ያ የሰጠሁሽ ነጩ ምን ሆነ?"

"እሱማ ምን ይሆናል! ቤቱን ቀትር አስመስሎታል። አባባ ግን..." ድምጿ ቀጠነ።

አባቷ ኡስታ መጋዚ ናቸው፤ 'ኡስታ' የምንለው የእጅ ሙያ አዋቂን ነው። እዚሁ ከተማችን ዱምያጥ ውስጥ አርባ ዓመት የቤት ዕቃ ቀለም ሲቀቡና ሲያወለውሉ ኖረው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ዓይናቸው ጠፋ። ሲሠሩበት የነበረውን መብራት፣ በረጅም ገመዱ እንደተንጠለጠለ፣ አሁን ከወንበራቸው በላይ ዝቅ አድርገው አስረውታል።

"ፊታቸውን ቀና ያደርጉና 'አጥፍተሽዋል' ይሉኛል። በርቷል ስላቸው፣ 'ዕውር ነው ብለሽ ትዋሺኛለሽ' አሉኝ። ይኸው ሦስት ቀናቸው፣ ከእጄ አልበላም ብለው ጎረቤት ነው የሚያበላቸው። ሻዝሊ፣ እኔ አባቴን ዋሽቼ አላውቅም። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ይመኑኝ ብቻ።"

አምፖሉን ተቀብዬ መዳፌ ላይ ሳገላብጠው ነገሩ ገባኝ። ኡስታ መጋዚ ብርሃንን የሚያዩት በጉንጫቸው ነው። የድሮው አምፖል ይሞቃል፤ ነጩ ግን እንደ ጨረቃ ነው፣ ክፍሉን ይሞላና ፊት ላይ አያርፍም። ይህንኑ ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች።

"ና ንገራቸው በቃ! ከወንድ አፍ ከሰሙ ያምኑ ይሆናል።"

"አምፖሉንም አስነሳዋለሁ" አልኳት። የተበጠሰው ሽቦ ጫፍና ጫፉ ከተነካካ፣ ኤሌክትሪኩ ራሱ ይበይደዋል። ለጥቂት ቀን ይሠራል። ሱቄ ውስጥ አብርቼ ባወጣው ግን መንገድ ላይ መልሶ ስለሚበጠስ፣ እዚያው ቤታቸው ሄጄ መሞከር ነበረብኝ።

ስንገባ ነጩ አምፖል ከኡስታ መጋዚ ራስ በላይ ቦግ ብሎ በርቷል።

"ማነው?"

"ሻዝሊ ነኝ፣ ኡስታ።"

"ኧረ ሕልመኛው! ግባ፣ ግባ። ቀስ በል፣ ጨለማ ነው፤ እንዳትደናቀፍ።"

ይህን ሲሉ ሽፋሽፍታቸው ላይ ሳይቀር ብርሃን ነበር።

"ኡስታ፣ በርቷል እኮ። አዲሶቹ አምፖሎች አይሞቁም፤ ለዚህ ነው።"

"የማይሞቅ መብራት?" ከት ብለው ሳቁ። "ስንት ሰሃን መሸበክ አበላችህ? ጣፋጭ ላይ ደካማ መሆንህን ታውቃለች፣ ይቺ!"

በሂጃ ፈገግ እንኳ አላለችም። መብራቱን ስታጠፋልኝ ከወንበራቸው ጎን ቆሜ ነጩን አወጣሁና የተቃጠለውን አስገባሁ። ማብሪያውን በሂጃ መልሳ ተጫነችው። አምፖሉን በጨርቅ ይዤ፣ የተንጠለጠለችው የሽቦ ጫፍ ጓደኛዋን እንድታገኝ፣ ከነመያዣው ዘንበል፣ ቀና አደረግሁት። በጣቴ መታ አደረግሁት። ምንም የለም። እንደገና ዘንበል። ብልጭ አለና ጠፋ። ከዚያ፣ ድንገት፣ ያዘ።

ክፍሉ ማር ፈሰሰበት። በዚያ ብርሃን ውስጥ ግድግዳው ራሱ የራቀ መሰለኝ፤ ሁላችንም ከረጅም ጊዜ በፊት በሆነ ማታ ውስጥ የቆምን ያህል። ኡስታ መጋዚ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ቀና አለ። ቀኝ እጃቸው የወንበሩን ክንድ በትንንሽ ክቦች ያሸው ጀመር፤ ልክ እንጨት እንደሚያወለውሉ።

"ይኸዋ!" አሉ። "ይኸው በራ!"

በሂጃ አጠገባቸው ተንበረከከች። "አባባ፣ አሁን አመኑኝ?"

ራሷን ዳበሷት። "ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ። ስትፈልጊ ማብራት ትችያለሽ ማለት ነው። ሁለተኛ ግን በጨለማ እንዳታስቀምጪኝ።"

"ኡስታ፣ እሷ እኮ..."

"ተው አንተ፤ አባትና ልጅ ታርቀናል፣ ምን ያገባሃል? በሂጃ፣ በይ ምግቤን አምጪ። ዛሬ ካንቺ እጅ ነው የምበላው።"

ሩዙንና ዓሣውን አመጣች። ሰሃኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች፤ ማንኪያውን ጣታቸው ውስጥ አስያዘቻቸው። እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ።

እሷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ጥቁር ሻርፗን ከምስማሩ አውርዳ ተከናነበች፤ ጫማዋን አጠለቀችና በሩን ሳትዘጋ ወጣች።