በቶሌራ ስም የተጠራው ትዕዛዝ

"ጀምር!" አለ ዐወድ፣ የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ ሳያነሳ።

ቶሌራ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ተረባረበ። ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ እንደሱ ዓይነት ጣት ያለው ሰው አልተወለደም፤ ካላመናችሁ ራሱን ጠይቁት። የዐወድ ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች እየደወለ የሐኪም መልእክት በየቋንቋቸው የሚነግር ፕሮግራም ይሠራል። የፕሮግራሙ ኮድ የተበታተነ ቁርጥራጭ ነው። የቱ ከየቱ እንደሚገጥም ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የመገጣጠሚያ ፋይል ነው። ይህን ፋይል ለዓመታት በእጁ የጻፈው ቶሌራ ብቻ ነበር። "እኔ ባስነጥስ የአሶሳ ኮምፒውተር በሙሉ አልጋ ይይዛል" ይል ነበር።

አሁን ግን የገዛ ተማሪው ዋፋ ልትወዳደረው አጠገቡ ቆማለች። በኮምፒውተሩ ጥቁር የትዕዛዝ መስኮት ላይ አንድ ቃል ሲጻፍለት ኮዱን ራሱ አንብቦ ፋይሉን የሚጽፍ መሣሪያ ሠርታለች። ቃሉን ደግሞ "ቶሌራ" ብላዋለች፤ ላስተማራት ክብር።

ቃሏን ጻፈች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ አቧራ እንዳይገባ የቢሮውን መስኮት ልትዘጋ ሄደች። ስትመለስ ፋይሉ አልቋል። ቶሌራ ገና መግቢያው ላይ ነበር፤ መነጽሩ በላብ ደፍርሷል።

"ወላሂ፣ ይሄኛው ቶሌራ ምሳ አይበላም!" ዐወድ ጭኑን መታ።

"ጉራም አይነዛም" አለች ጸሐፊዋ ሜቲ። ቢሮው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

"ያ ቶሌራ፣ ስማ" አለ ዐወድ። "ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩን ለዋፋ ትለቃለህ። አንተ ጣሪያ ላይ አንቴና ትሰቅላለህ። አንተ እንደሆንክ ሁልጊዜ ከፍ እንዳልክ ነው፣ መሰላል አያስፈልግህም። ኸላስ፣ አለቀ!"

እየሳቁ ለምሳ ወጡ። ዋፋ ብቻ ቀረች።

"ጋሼ ቶሌራ፣ ውድድሩ የእኔ ሐሳብ አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ።"

"ምን አደረግሽኝ?"

"ፕሮግራሙን በሸርቆሌ መንገድ ወዳሉት ጤና ኬላዎች ከመላኬ በፊት አንዴ ይዩልኝ። በአማርኛ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።"

ቶሌራ አየው። ወዲያው ገባው፤ በፋይሉ ውስጥ የበርታ ቋንቋው ድምፅ የለም። መሣሪያው የሚሰበስበው በኮዱ ውስጥ ስሙ የተጠራውን ነው። የበርታው ድምፅ ግን ስሙ የትም አልተጻፈም፤ የሚፈለገው ስልኩ ሲነሳ፣ የሴትዮዋ ቋንቋ ታይቶ ነው። ለእሱ የሚሆነውን አንድ መስመር ቶሌራ ሁልጊዜ በእጁ ይጨምራል፤ ለማንም ነግሮ አያውቅም። ያ መስመር ከሌለ ስልኩ ይጠራል፣ ሴትዮዋ አቤት ትላለች፣ ጭጭ።

"የበርታው ድምፅ የእኔ መሆኑን እህቴ ዓዲላ አላወቀችም" አለች ዋፋ ፈገግ ብላ። "ነገ ይደወልላታል። የደም ግፊቷ ስለጨመረ ዛሬ ነገ ሳትል አሶሳ ሆስፒታል እንድትመጣ። አማርኛ አትሰማም። እኔ ለምኜ ለምኜ፣ 'ከሐኪሙ ስልክ ሲመጣ እሄዳለሁ' ነው መልሷ።"

ቶሌራ ጉሮሮውን ጠረገ። መስመሯ ብትጨመር መሣሪያው እንከን አይወጣለትም፤ እሱም ጣሪያ ላይ ይወጣል። ዝም ቢል ደግሞ ዐወድ በጉልበቱ እየዳኸ ይመጣል፣ አገር ምድሩ ቶሌራ የታለ ይላል። ዓዲላን አይቷት አያውቅም። የከነከነው ሌላ ነው። መሣሪያው ስሙን ስለያዘ ነገ ሁሉም "ቶሌራ አበላሸው፣ ቶሌራ ዲዳ ሆነ" ሊሉ ነው።

"አንድ ነገር አለ" አለ።

ዋፋ ጎንበስ አለች። "ምን ጎደለው?"

"ስሙ። በሰው ላብ ስሜ ሊጠራ አይገባም። በራስሽ ስም አድርጊው።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ቂም ይይዝብኝ ነበር።"

"እኔን ከሌላ ሰው ጋር ታወዳድሪኛለሽ?"

ስሙን አጠፋችው፤ በቦታው "ዋፋ" ብላ ጻፈች። እንደገና አስነሳችው፣ ፋይሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

"ሌላስ የጎደለ አለ?"

ቶሌራ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ አንዴ፣ ሁለቴ ወለወለው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ራሱ ስቦ ተደላድሎ ተቀመጠ።

"ሙሉ ነው" አለ። "ላኪው።"