ኤርናን ያስገባት ቃል

«ጉበት እኮ መልሶ ያድጋል ይባላል» አለች አክስት ኤልቪራ። ሹክሹክታዋ ከሬሳ ሳጥኑ ማዶ ይሰማል። «ቁራጭ ብትሰጠው ምን ይጎድልባት ነበር?»

የቡና ትሪ የያዘችው ኔልዳ ሰማቻት። ቤቷ የቫልፓራይሶ ከተማ ዳገት ላይ የተንጠለጠለች ጠባብ ቤት ናት፤ መውጫዋ አንድ በር ነው፣ እሱንም ለቀስተኛ ዘግቶታል። እናቷ ዶኛ ኦርቴንሲያ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ከልጃቸው ራስጌ ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ ከትናንት ወዲህ እህል ባፍሽ አልዞረም።»

«ካንቺ እጅ አልፈልግም።»

ሟቹ ኤርናን ታላቅ ወንድሟ ነበር። ዕድሜውን የፈጀው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአይጥ ጉበት ሲያጠና ነው። የኔልዳ ልጆች ሥራውን ሲጠይቁት መዳፎቹን እያጋጠመ ያስረዳቸው ነበር።

«የጉበት ሕዋሳት ሽፋናቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳዎቹን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው፤ የአንዱ ግማሽ ከጎረቤቱ ግማሽ ሲገጥም ቱቦ ይሆናል። ነርቭ የሚደርሰው ጥቂቶቹ ጋ ነው። እነሱ የሰሙትን በቱቦው ያሳልፋሉ፣ ጉበቱ በሙሉ ስኳር ይለቃል።»

«ወሬኛ ናቸው በለኛ!» ትል ነበር ትንሿ።

«ከአክስት ኤልቪራ አይብሱም።»

እሱንም የያዘው የጉበት በሽታ ሆነ። የኔልዳ ጉበት እንደሚስማማው ምርመራው ሲያሳይ፣ እየሮጠች ሆስፒታል ደረሰች።

«አልወስድም» አላት።

«አብደሃል?»

«ሰጪውም ሊሞት ይችላል፣ ኔልዳ። ልጆችሽ አባት የላቸውም።»

«አንተስ?»

«የተጎዳ ሕዋስ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ጉዳቱ ወደ ጎረቤቱ እንዳያልፍ።»

«አንተ ሕዋስ አይደለህም፣ ወንድሜ ነህ!» ብላ ጮኸችበት።

እጇን ያዘ። «እማዬ እንዳትሰማ። ልጄ መዳን እየቻለ እምቢ አለ ብላ አንድ ቀን በሕይወት አታድርም። ቃል ግቢልኝ።»

እያለቀሰች ቃል ገባችለት።

የኔልዳ ጉበት መስማማቱን ግን አክስት ኤልቪራ ከአንዲት ነርስ ሰማች፤ የቀረውን፣ ኔልዳ ከለከለችው ብላ፣ ራሷ ሞላችው። ወሬው ቤት ሲደርስ ኤርናን ራሱን ስቶ ነበር።

ሬሳው ሊወጣ ሲል ዶኛ ኦርቴንሲያ ቀና አሉ።

«እስቲ እሱ ፊት ንገሪኝ። ለምን ከለከልሽው?»

ኔልዳ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ ከዚህ ሁሉ ወቃሽ ዓይን ታወጣት ነበር። የእናቷን ፊት አየች። ባንድ ሌሊት ከስቷል።

«ፈራሁ፣ እማዬ» አለች።

«ፈራሁ አለች!» አክስት ኤልቪራ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ወንዶቹ ሳጥኑን አንስተው ወጡ፤ ሰዉም ተከትሎ ቁልቁል ፈሰሰ። ዶኛ ኦርቴንሲያ ለመነሣት ሞክረው መልሰው ተቀመጡ። የሚደግፋቸው ሰው ፍለጋ ዙሪያቸውን ዳበሱ። የቀረችው ኔልዳ ብቻ ነበረች። እጅጌዋን ያዙ፣ ፊቷን ሳያዩ።

ኔልዳ እርምጃዋን በእናቷ እርምጃ ልክ አሳጥራ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።