የሉጥፊያ ልጅ ምርጫ የገባች ጊዜ

ኒዕማ ለካርቱም ክልል ምክር ቤት ልወዳደር ነው ብላ ለእናቷ የነገረቻት አርብ ጠዋት፣ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጡ ሳለ ነበር። ሉጥፊያ በእጇ የያዘችውን አንሶላ ጨምቃ ጨረሰች። ከዚያ ከማን ጋር ሆና እንደምትገባ ጠየቀቻት። ኒዕማ ከማንም ጋር እንዳልሆነች፣ በግሏ እንደምትወዳደር ነገረቻት። ሉጥፊያ አንሶላውን ሽቦው ላይ ዘረጋችና «በይ እንግዲህ አላህ ያግዝሽ» አለች፤ የቀረውን በሆዷ ያዘችው።

ሉጥፊያ የወሎ ሰው ናት። ገና ኮረዳ ሳለች ከአብሮ አደጓ ከፋጤ ጋር ከከሚሴ ተነስታ በመተማ በኩል ሱዳን ገባች። ገዳሪፍ ላይ አንድ የሰሊጥ አጨዳ ከርማ ካርቱም ዘለቀች። ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ሂሻም የሚባል ሱዳናዊ የመብራት ሠራተኛ የተበላሸ መስመር ሊጠግን መጥቶ አያት፤ ተመላልሶ ጠየቃት፤ አገባት። ኒዕማ አንዲት ልጃቸው ናት። ሂሻም ሲሞት ከዓባይ ማዶ፣ ባሕሪ ያለውን ቤት ወንድሞቹ ስለወሰዱት እናትና ልጅ ጀብራ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተው ገቡ። እዚያ ሰፈር የሚያውቃቸው አልነበረም። ሉጥፊያ እንደ አገሬው ሴት ቶብ ትጠቀለላለች፤ አረብኛዋም ፈጣን ነው፤ አንዳንድ ፊደል ላይ ግን ምላሷ ያሳብቅባታል። ኒዕማ ደግሞ አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፤ ስትመልስ በአረብኛ ነው። አማርኛ የምትናገረው ስትታመም፣ አለዚያም አንድ ነገር እንዲደረግላት ስትፈልግ ብቻ ነበር።

ኒዕማ ሕግ ተምራ ጠበቃ ከሆነች ብዙ ጊዜዋ አልነበረም። በከሻ፣ ማለትም በፖሊስ አፈሳ የሚያዙ ሻይ ሻጭ ሴቶችን ስታስፈታ ስሟ ትንሽ ተሰምቷል። ጀብራ ላይ የቧንቧ ውኃ በሳምንት ሁለቴ ከመጣ ጥሩ ሳምንት ነው ይባል ነበርና፣ ይህንን በየቢሮው ሄዳ ስታመለክት ሁሉም ጉዳዩ የምክር ቤቱ ነው እያለ መለሳት። እንግዲያውስ ምክር ቤቱ እገባለሁ አለች። የሙያ ጓደኞቿ በዚህ ተቀየሟት። እነሱ ምርጫው አስቀድሞ ያለቀ ነው፣ መግባት ማጀብ ነው ብለው ቤታቸው ሊቀመጡ ተማምለዋል። አንዳንዶቹ ሰላምታዋን መመለስ ተዉ። ኒዕማ ይህንን ለእናቷ ስትነግራት እንደ ቀልድ አድርጋ ነው፤ ሉጥፊያ ግን ልጇ እራቷን ሳትጨርስ መነሳቷን አየች።

የግል ተወዳዳሪዎች ምልክታቸው በዕጣ ይደርሳቸዋል። ለኒዕማ የደረሳት ኢብሪቅ ሆነ፤ ለውዱእ የሚያዘው ማንቆርቆሪያ። ኒዕማ ለውኃ የምትከራከር ሴት ከዚህ የተሻለ ምልክት አታገኝም ብላ ደስ አላት። የሰፈሩ ጎረምሶች ግን ኢብሪቅ ሽንት ቤትም ስለሚገባ፣ በግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ፎቶዋ አጠገብ የማይጻፍ ነገር ጻፉበት። ሉጥፊያ ማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወጥታ እየዞረች አጸዳችው። ልጇ አላወቀችም።

ቅስቀሳው ድምፅ ማጉያ በተሰቀለባት አንዲት ባለሦስት እግር ሪክሻ ነበር። ኒዕማ ከኋላ ተቀምጣ ትናገራለች፤ ሪክሻዋ በየአሸዋው ጎዳና ትንገጫገጫለች፤ ድምፅዋም አብሮ ይንገጫገጫል። ወንዶቹ ይሰሟትና ይበታተናሉ። ተስፋ የሰጧት ሴቶቹ ነበሩ። በተለይ ሐጃ ናስራ የምትባል፣ የሰፈሩ ሴት በሠርግም በለቅሶም የማታልፋት ባልቴት፣ አንድ ከሰዓት ጎረቤቶቿን ሰብስባ ኒዕማን ጠራቻት። ሉጥፊያም አብራ ሄደችና ከበሩ አጠገብ፣ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጠች።

ኒዕማ ጥሩ ተናገረች። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አጥር፣ ማታ ስለሚጠፋው መብራት አስረዳች። ሴቶቹም በአዎንታ አጉተመተሙላት። ነገሩ ሊያበቃ ሲል አንዲት አሮጊት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሰው ሐበሻ ናት ይልሻል፣ ለመሆኑ የእናትሽ አገር የት ነው አለቻት። በክፋት አልነበረም፤ እንደ ዘበት የጠየቀችው ነው።

«ከገዳሪፍ ናት» አለች ኒዕማ።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ሉጥፊያን አዩዋት። አሮጊቷ እህቴ የተዳረችው እዚያ ነው፣ የትኛው ሰፈር ነሽ ብላ ጠየቀቻት። ሉጥፊያ ልጇን አየቻት፤ ኒዕማ አቀርቅራ የቶቧን ጫፍ ታጣጥፋለች። «ደይም ኑር» አለች ሉጥፊያ። በአጨዳው ጊዜ ያደረችበት ሰፈር ነው። ገበያው በየት በኩል እንደሆነ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው እንዴት እንደሚይዝ ተናገረች። አንደበቷ እንዲህ ይፈታል ብላ አላሰበችም ነበር። አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ሐጃ ናስራ ግን ሻይ እየቀዳች ቀና ብላ ሉጥፊያን አየቻትና መልሳ ወደ ብርጭቆው አቀረቀረች።

ወደ ቤት ተመልሰው በሩ ላይ ሲደርሱ ኒዕማ በአረብኛ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሉጥፊያ ምንም አይደል አለች። እውነቷንም ነበር፤ ያን ዕለት የተሰማት ቅያሜ ሳይሆን ድካም ነው። የከበዳት ኒዕማ ያለችው አልነበረም። እሷ ራሷ ውሸቱን ተቀብላ እንዲያ አሳምራ ማውራቷ ነበር።

ድምፅ መስጫው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ፋጤ መጣች። ፋጤ ካርቱም ከገባች ጀምሮ ሰው ቤት የምትሠራ፣ እስከ ዛሬም ወረቀት የሌላት ናት። የገዳሪፉ ወሬ ደርሷት ኖሮ ግቢ ስትባል አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ጉዳይዋን ተናገረች። ከከተማው ዳር፣ ሶባ ተቀጥራ የምትሠራው የእህቷ ልጅ ሰልሰቢል የመኖሪያ ፈቃዷ አልፎበት ሳለ አውቶቡስ ስትጠብቅ በከሻ ተይዛለች። ዋስ የሚሆን፣ የሱዳን መታወቂያ ያለው ሰው ካልቀረበላት ፍርድ ቤት ሊወስዷት ነው፤ ከዚያም ወደ ድንበር። ፋጤ ራሷ ጣቢያ ብትሄድ አብራ ትገባለች።

ሉጥፊያ እጇን ይዛ ልታስገባት ስትል ፋጤ እጇን ሳብ አደረገች።

«እኔ የገዳሪፏን ሴትዮ ፈልጌ አልመጣሁም እቴ። ሉጥፊያን ፈልጌ ነው።»

ሉጥፊያ ገብታ ቶቧን ተጠቀለለች፣ መታወቂያዋን ያዘች። ኒዕማ ያን ቀን የመጨረሻውን ቅስቀሳ ይዛ ከሪክሻዋ ጋር ወጥታ ነበር። ሉጥፊያ ልደውልላት አለችና ተወችው። ልጄ በዚህ ቀን ለሐበሻ ሴት ጣቢያ ብትቆም የሚሉት ይታወቃል፤ እኔ በጸጥታ ሄጄ ጨርሼ እመለሳለሁ ብላ አሰበች። ወደ ሶባ የሚሄደው አውቶቡስ መንገዱ ረጅም ነው። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ሄደች። ሠራተኛዬ ናት ማለት ይቀላል። የካርቱም እመቤቶች በየጊዜው እየመጡ እንዲያ ብለው ነው የሚያስፈቱት፤ ማንም አይመረምራቸውም።

ጣቢያው ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። መኮንኑ መታወቂያዋን አይቶ ተቀበላትና ልጅቷን አስጠራ። ሰልሰቢል ሻርፗ ወልቆ፣ ፊቷ አብጦ ወጣች። ሉጥፊያን ስታይ ያ ሁሉ ሰው ፊት «እትዬ ሉጥፊያ» ብላ ተንሰቀሰቀች። ሉጥፊያም ሳታስበው በአማርኛ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ መጣሁልሽ» አለቻት።

መኮንኑ ብዕሩን አስቀምጦ «ምንሽ ናት?» አለ።

«የእህቴ ልጅ ናት።»

«እንግዲያው አንቺም ሐበሻ ነሻ።»

«ነኝ» አለች ሉጥፊያ። «ወሎ ነው የተወለድኩት።»

መኮንኑ ለራሱ ነገሩ ግድም አልሰጠው፤ ዋስትናውን አስፈረማትና ልጅቷን ለቀቀላት። ነገር ግን አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ ከነበሩት አንዱ የጀብራ ሰው ነበር፤ ለገዢው ፓርቲ ዕጩ ሰው የሚሰበስብ። ስልክ ተሰርቆበት ሊያመለክት የመጣ ነው። ሉጥፊያ ሰልሰቢልን ደግፋ ስትወጣ ሰውዬው ተነስቶ መንገድ ለቀቀላትና በትሕትና፣ ለጠበቃ የሚባለውን ማዕረግ ጨምሮ፣ «የኡስታዛ ኒዕማ እናት» ብሎ ሰላም አላት። ሉጥፊያ ሰላምታውን መልሳ የልጅቷን ክንድ አጥብቃ ይዛ ወጣች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ጀብራ ገባ። ኒዕማ ፀሐይ ስትጠልቅ ስትመጣ ሁሉንም ሰምታለች። ሰልሰቢል ውስጥ ተኝታ ነበር። ኒዕማ ጫማዋን ሳታወልቅ ግቢው መሐል ቆመች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

«አላውቅም» አለች ኒዕማ፣ በአማርኛ። ከዚያ ገብታ ልጅቷን አየቻት፤ ጣቢያ የሰጧትን ወረቀት አገላብጣ አነበበች፤ ሳትቀሰቅሳት ወጥታ ፈቃዱ እንዲታደስ ማን ዘንድ መሄድ እንዳለባቸው ለእናቷ አስረዳች።

በማግስቱ ጠዋት ሉጥፊያ ድምፅ ልትሰጥ ስትወጣ ሐጃ ናስራን በሯ ላይ አገኘቻት። ናስራ ሰላምታዋን አላጓደለችም፤ እጇን ይዛ የጤናዋን፣ የቤቷን ጠየቀቻት።

«ሐበሻ መሆንሽን ገና አፍሽን ስትከፍቺ አውቄዋለሁ» አለቻት ከዚያ። «እሱ ለእኔ ምኔም አይደለም። ልጅሽ ግን ገና ሳትመረጥ፣ ቤቴ ተቀምጣ፣ ሻዬን እየጠጣች ዋሸችኝ።»

«እኔም ዋሽቻለሁ ሐጃ።»

«አንቺ አልተወዳደርሽም» አለች ናስራ፤ ተሰናብታትም ገባች።

ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሉጥፊያ ትልቅ ሰልፍ ጠብቃ ከቤቷ ቂጣ ቋጥራ ነው የሄደችው። ክፍሉ ውስጥ አስፈጻሚዎቹ በልጆች ወንበር ላይ ተጣበው ያዛጋሉ። ኒዕማ ታዛቢ ሆና ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጣለች። ሉጥፊያ ጣቷን ቀለም አስነክራ፣ ኢብሪቁን ፈልጋ ምልክት አደረገችና ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። ስትወጣ ቂጣውን ልጇ ጭን ላይ አኖረችላት። በሚቀጥሉትም ቀናት ነገሩ ያው ሆነ። ሰው እንዲመጣ ተብሎ አንድ ቀን ተጨመረ፤ በተጨመረውም ቀን የመጣው ሰው ጥቂት ነበር።

ውጤቱ ሲነገር የገዢው ፓርቲ ዕጩ አሸነፈ። ኒዕማ ከአራቱ ሦስተኛ ወጣች። ከሐጃ ናስራ ቤት የነበሩት ሴቶች እንኳ ሁሉ መርጠዋት ቢሆን ከቦታዋ ፈቀቅ አያደርጋትም ነበር። ሉጥፊያ ግን ይህንን ሒሳብ ብትሰማም ልቧ አልተቀበለውም፤ በእኔ ነው የተሸነፈችው ብላ አመነች፤ ለወራትም እንዲሁ አመነች። ኒዕማ ያን ሳምንት ፎቶዎቿን ራሷ እየዞረች ከየግድግዳው ላጠች። አንዳንድ ሰው ከበሩ ብቅ እያለ ያጽናናታል፤ እሷም ታመሰግናለች። በሚቀጥለው ትወዳደሪያለሽ ወይ ሲሏት ኢንሻአላህ ትላለች፤ አጠያየቃቸውም አመላለሷም ለወጉ ነበር።

ሰልሰቢል ፈቃዷ ታደሰላትና ወደ ሶባ ተመለሰች። ፋጤ መጥታ አመሰገነች፤ ያን ዕለት ገብታ ተቀመጠች፤ ስለ ገዳሪፍ ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። ምርጫው ውስጥ በመግባቷ ያኮረፏት ጠበቆች ከኒዕማ ጋር የታረቁት በንግግር አልነበረም። ከእነሱ ሁለቱ ባሕሪ፣ ጋራዦቹ ሰፈር፣ ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ሱቅ ፎቅ ላይ ቢሮ ሲከፍቱ አንድ ጠረጴዛ ባዶ ነው ብለው ደወሉላት። እሷም ሄደች።

በመጀመሪያው አርብ ሉጥፊያ ቢሮውን ልታጸዳላት መጥረጊያና ባልዲ ይዛ አብራት ተሳፈረች። ድልድዩ ላይ መኪና ተቆላልፎ አውቶቡሱ ቆመ። ከታች ዓባይ ደፍርሶ ይወርዳል። ሉጥፊያ ባልዲውን በጉልበቷ መሐል ይዛ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ እስከዚያ ቀን ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«በእኔ አዝነሽብኛል?»

«አንድ ቀን» አለች ኒዕማ። «የመጀመሪያውን ቀን። ከዚያ የድምፅ መስጫውን በር ሳይ ውዬ ማንም ሳይመጣ ሲቀር፣ የማዝንበትም ሰው አጣሁ።»

ሉጥፊያ ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ ጠበቀች። ኒዕማ ግን ቦርሳዋን ከፍታ የሰኞ ባለጉዳይዋን ወረቀት ማንበብ ጀመረች። ሹፌሩ ራሱን አውጥቶ ከፊቱ ያለውን «ያላ» እያለ ይጣራል። አውቶቡሱ ጥቂት ሄዶ ይቆማል፣ ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ተሻገረ።