ጸጥ ያለ ቤት ይሸጣል

ድምፄ ትልቅ ነው። ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁና እንገላገል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ይህቺን ልጅ ወፍጮ ቤት ነው የወለድኳት» ትል ነበር። መሥሪያ ቤትም ስልክ ሳነሣ፣ «የሻሽወርቅ፣ መስኮቱን ክፈቺና ንገሪው፤ ስልኩን ለምን ታደክሚዋለሽ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ኃይለኪሮስ ግን አይቀልድም። «ድምፅሽን ቀንሺ» ሲለኝ ከልቡ ነው። ሊያገባኝ ነበርና እኔም እቀንስ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሁለት ክረምት ነው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ ቤት በላይ አይኖረውም በተባለበት ዘመን መሆኑ ነው። ኃይለኪሮስ ቤት አለው። እኔም አባቴ ያወረሰኝ፣ ወሎ ሰፈር ውስጥ ሦስት ክፍል ከነሰርቪሱ አለኝ። ተጋብተን አንድ ቤተሰብ በሆንን ማግስት ከሁለቱ አንዱ የመንግሥት ሊሆን ነው። ሰርጉ ለጥቅምት ተቆርጧል። ስለዚህ ከዚያ በፊት አንዱ ቤት መሸጥ አለበት፤ ያም የእኔ ነው ተባለ። ለምን የእኔ ብዬ ጠይቄ ነበር። «የኔ ለቀበሌው ቅርብ ነው፣ ለሥራ ይመቻል» አለኝ። በአርባ አራት ዓመቴ የመጣልኝ ባል ነው፤ ከዚያ በላይ ምን ልጠይቅ። ቤቱ ካልተሸጠ ሰርግ የለም፣ አለቀ።

ጓድ ኃይለኪሮስ በቀበሌያችን የቤት ጉዳይ ኮሚቴ ውስጥ ነው። ቤት የሚሸጥ ሰው ማዘጋጃ ቤት ከመሄዱ በፊት የእሱን ፊርማ ማግኘት አለበት። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ትርፍ ቤት የሰፊው ሕዝብ ላብ ነው» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ታዲያ አንድ ቀን ሽርሽር ብሎ ጎሮ ይዞኝ ሄደ። ያኔ ጎሮ ገና የጤፍ ማሳ ነው። ማሳው መሀል አዲስ ቤት ቆሟል፣ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። ደሴ በምትኖር እህቱ ስም ነው የተሠራው። «ይሄ ትርፍ አይደለም፤ የእህቴ ነው» አለና ግድግዳውን መታ መታ አደረገው። እህትየው አይታው እንደማታውቅ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ዝም አልኩ። ያን ሰሞን ዝምታ እየተማርኩ ነበር።

የእኔ ቤት ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሙነወር። ሙነወር አጥር ለአጥር የምንዋሰን ባለ ጋራዥ ነው፣ ላሜራ ይቀጠቅጣል። ዓርብ ከሰዓት ካልሆነ እሑድ እንኳ አያርፍም። የተጨማደደ ቮልስ ይዞ ሲጀምር የእኔ ብርጭቆዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ይጨፍራሉ። ልጁ ግን ወርቅ ነው፤ «እትዬ የሻሽ» ብሎኝ አይጠግብም።

«ይሄን ጋራዥ ገዢ ከሰማው ቤትሽን በነጻም አይወስደው» አለ ኃይለኪሮስ። «ድርድር ሳይንስ ነው። መጀመሪያ ጉድለትሽን ደብቂ። ሁለተኛ ተፎካካሪ አምጪ። ሦስተኛ፣ አንቺ አትናገሪ፤ እኔ እናገራለሁ።»

ከሙነወር ጋር ተስማማን። ገዢ ሲመጣ ቀይ ፎጣ አጥሩ ላይ እሰቅላለሁ፤ ፎጣውን ሲያይ መዶሻውን ያስቀምጣል። በምላሹ ምሳ እልክለታለሁ። የክርስቲያን ሥጋ አይበላምና ሽሮ ነው፣ ክክ ነው፣ ጎመን ነው። ልጁ ከዚያ ክረምት በኋላ የጾም ምግብ በሩቁ ሲሸተው ይሸሻል።

ገዢ ተገኘ። አቶ ኤርሳዶ ይባላል፣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ከሚስቱ ከሚርያም ጋር መጣ። ፎጣውን ሰቀልኩ፤ ጸጥ እረጭ አለ። ሰውየው ጣሪያውን አላየ፣ ወለሉን አላየ። ሳሎኑ መሀል ቆሞ አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው።

«ሁሌ እንዲህ ጸጥ ይላል?» አለኝ።

«ገዳም በሉት» አልኩ አፌን ሞልቼ።

ባልና ሚስት ተያዩ። ፊታቸው ወደቀ። ዋጋ ጠየቁን፣ ኃይለኪሮስ ጠራ። ኤርሳዶ «ዋጋው ተገቢ ነው» አለ። በሕይወቴ ዋጋ ተገቢ ነው ያለ ገዢ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ «እናስብበት» ብለው ሄዱ።

«አየሽው?» አለ ኃይለኪሮስ። «ፊቱን ያጠቆረው ዋጋ ሊያስቀንሰን ነው። ተፎካካሪ ያስፈልጋል።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ የቢሮ ጓደኛውን ከነሱፉ አመጣው። ሰውየው የተነገረውን በደንብ አጥንቷል። ኤርሳዶ ፊት ለፊት ክፍል ለክፍል እየዞረ፣ «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! መርፌ ብትወድቅ ይሰማል። ጎረቤት ሳል ቢስል ይሰማል፣ እናንተም ብትስሉ ጎረቤት ይሰማል። ለዚህ ቤት የጠየቁኝን እከፍላለሁ» አለ። ሚርያም ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ኤርሳዶም ለሰውየው እጁን ዘርግቶ፣ «እንግዲያው ለእርስዎ ይሁን፤ እግዚአብሔር ይባርክልዎ» ብሎት ወጣ። ባለሱፉ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እውነተኛ ገዢ ሸኝተን ከውሸቱ ጋር ተፋጠጥን።

መስከረም ሊጠባ ነው፣ ጥቅምት እየመጣ ነው። ኃይለኪሮስ ደግሞ «ካልተሸጠ እንግዲህ ሰርጉን ለሌላ ዓመት…» ማለት ጀምሯል። ሌላ ዓመት እኔ አርባ አምስት ልሆን ነው። አላስቻለኝም፣ ሳልነግረው ኤርሳዶ ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ።

«በእግዜር ይዤዎታለሁ» አልኩት። «ቤቱ ምን ጎደለው?»

ጠመኔውን ከእጁ ላይ አራገፈ። «ቤቱ ምንም አልጎደለው። ጸጥታው ነው ያስቸገረን» አለኝ።

ይህን ለኃይለኪሮስ ስነግረው በአድናቆት አንገቱን ነቀነቀ። «ይሄ ሰው የሠለጠነ ነው» አለ። «የቤቱን ዋና ጥቅም ጉድለት አድርጎ አቀረበው። ከባድ ተደራዳሪ ነው፣ ተጠንቀቂው።» ሰውየው የልቡን እንደተናገረ ለሁለታችንም አልታየንም። ሰው የልቡን ሲናገር መስማት ትተን ስንት ጊዜያችን ነበር።

ዋጋውን ትንሽ ዝቅ አድርገን መልእክት ላክን። ሚርያም «አንዴ ደግመን እንየው» አለች አሉ፣ የአብዮቱ በዓል ሳምንት ሲቀረው እሑድ ቀን መጡ። ፎጣዬን ሰቀልኩ። ሙነወር ግን ያን ቀን ፎጣ የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ለሰልፉ የሚወጣ የአንድ ሹም መኪና ጎኑ ተሰርጉዶ መጥቶለታል፤ በዓሉ ሳይደርስ ካልወጣ ወዮልህ ተብሏል። ገና «ግቡ፣ ቁጭ በሉ» ስል መዶሻው ወረደ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ጀመሩ።

ኃይለኪሮስ ነጣ። እኔ ደሜ ፈላ። ዝምታዬን፣ ትምህርቴን፣ ሁሉንም ረሳሁና አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ፣ «ሙነወር! አንተ ሙነወር! የበላኸው ሽሮ የት ገባ? ሰው ቤት ሰው አለ እኮ! አልተነጋገርንም? ቀዩ ፎጣ ለአንተ የአህያ ቆዳ ነው?» እያልኩ ለቀቅኩበት። እሱ ከወዲያ «የሹም ነው እትዬ፣ የሹም ነው!» ይላል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ መዶሻው ይወርዳል።

አልቆልኝ ወደ ቤት ስመለስ ኤርሳዶ ሳሎን የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰውየው ከደጅ ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆሟል። ሚርያም ደግሞ መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ዘግታለች። ጠጋ አልኩ። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነው የሰማሁት፤ ትዘምራለች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ኤርሳዶ ከመንገድ ተመለሰና፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ፊቱ በርቶ፣ በሩን አንኳኳ። «ሚርያም፣ አንድም አይሰማም» አላት።

ያኔ ገባኝ። ጴንጤዎች ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት እየተደበቁ ነው የሚሰበሰቡት። አንዲት የቢሮአችን ታይፒስት እንዲህ ስትዘምር ጎረቤት ሰምቷት ተወስዳ፣ ስትመለስ እጇ እየተንቀጠቀጠ ቁልፍ መምታት አቅቷት ነበር። እነዚህ ሰዎች ቤት ሳይሆን ጫጫታ ነበር የሚፈልጉት። እኛ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ዋናውን ዕቃ ስንደብቅባቸው ከረምን።

እኔ የቦሌ ሚካኤል ልጅ ነኝ። ጴንጤ ሲባል ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ፣ አልዋሻችሁም። ግን ሚርያም በሩን ከፍታ እኔን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደሆነ ብታዩ። እንደሰማሁ አወቀች። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።

ኃይለኪሮስ ክንዴን ይዞ ወደ ማድ ቤት ወሰደኝ። እሱም ገብቶታል። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

«አሁን በእጃችን ናቸው» አለ በሹክሹክታ። «እጥፍ በዪ። ካንገራገሩ እኔ ኮሚቴ መሆኔን ጣል አድርጊላቸው፣ ሌላ ምንም አትበዪ። ይከፍላሉ፣ ወደው ነው? ሚስትየዋ ሆዷ መግፋቱን አላየሽም? እስር ቤት መውለድ አትፈልግም።»

ይህን ያለኝ እየሳቀ ነው። ሚርያም ነፍሰ ጡር መሆኗን ነጠላዋ ሸፍኖት እኔ ሴትዮዋ አላየሁም፤ እሱ አይቶ፣ መዝኖ፣ ዋጋ አውጥቶለታል። ቀዘቀዝኩ። ነገ እኔ ስታመም፣ ስደክም፣ ይሄ ሰው ምኔን ያያል ብዬ አሰብኩ። ፈራሁት። አልጠላሁትም ገና፣ ፈራሁት።

ሳሎን ተመለስኩ። «አቶ ኤርሳዶ» አልኩ፣ «ዋጋው ያው ዝቅ አድርገን የላክንብዎት ነው። ቀብዱን ይዘዋል?»

«ቆይ እንጂ» አለ ኃይለኪሮስ ከኋላዬ። «ገና እኮ አልጨረስንም። እነዚህ ሰዎች ምን…»

«ጓድ ኃይለኪሮስ» አልኩት፣ በዚያ ወፍጮ ቤት በተሰጠኝ ድምፅ፣ መዶሻውን አልፎ እስኪሰማ፣ «የጎሮው ቤትህ ቆርቆሮው ክረምቱን ቻለው? ደሴ ያለችው እህትህስ መቼ ነው መጥታ የምታየው?»

ሙነወር እንኳ ለአፍታ ፋታ ወሰደ። ኃይለኪሮስ ወደ መስኮቱ፣ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አየ። «ድምፅሽን ቀንሺ» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

«ፊርማህ ማክሰኞ እንዲደርስልን» አልኩት። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ፊርማው ሰኞ ደረሰ።

ቀብዱን ተቀበልኩ። ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የንዴቱ እንፋሎት ሲወጣልኝ ነው ያደረግኩት የታየኝ። ባሌን ሸኝቻለሁ። ባል ከሌለ ደግሞ ቤቱን መሸጥ ምን አስፈለገኝ? የሸጥኩት ለማግባት ነበር እኮ። ቀብድ የበላ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፤ ሕግ ነው፣ እኔ ደግሞ ቀብዱን ገና ያን ዕለት ከሰዓት ለሰርግ ልብስ ለተበደርኩት ከፍዬዋለሁ። ባል የለኝ፣ ቤት የለኝ፣ በአንድ እሑድ።

በነጋታው ኤርሳዶ ብቻውን መጣ። ቆሞ ነው የተናገረው።

«አንድ ነገር ልደራደርዎ» አለኝ። እሱ ድርድር የሚባል ነገር ሲያነሣ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ጓሮ ያለችው ሰርቪስ የእርስዎ ትሁን። ውሉ ላይ ይገባል፤ ዕድሜ ልክዎን ይኖሩባታል።»

ክብሬ ተነካ። «አዝነውልኝ ነው?» አልኩት።

ያ ሰው መዋሸት አይችልም። አሰብ አደረገና፣ «ትንሽ አዝነናል» አለ። «ዋናው ግን እሱ አይደለም። ትናንት ሙነወርን ሲቆጡት ሚርያም የራሷን መዝሙር አልሰማችውም። መዶሻው እኮ ፋታ አለው። እርስዎ ግን የለዎትም።»

ሳቅኩ። እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ። ስንት ዓመት ይቀነስ የተባለ ድምፅ ውል ውስጥ ሲገባ ይታያችሁ።

አረፋ በጥቅምት እሑድ ቀን ዋለ፤ ሰርጌ ሊሆን በነበረበት ወር። ጋራዡ ተዘግቷል፣ ሙነወር ነጭ ለብሶ ሰላም ብሎኝ ወጥቷል። የእነ ኤርሳዶ ምእመናን አንድ በአንድ፣ ሁለት በሁለት ሆነው፣ ሊጠይቁ እንደመጡ ዘመድ ገብተዋል። ሰፈሩ እረጭ ብሏል። እኔ ከሚካኤል ቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ በርጩማዬን ይዤ በሩ ጋ ተቀመጥኩ። ከውስጥ መዝሙሩ ሲጀመር እኔም ድመቴ ላይ ጀመርኩ። ወተቱን ደፋሽ፣ አልጋዬ ላይ ተኛሽ፣ አይጥ አጠገብሽ ሲያልፍ አንቺ ታዛጊያለሽ፣ ይሄ ነው ውለታዬ እያልኩ፣ ድመቷ ግራ ገብቷት ታየኛለች። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቦ ሲያልፍ «ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነው እትዬ?» ብሎ ስቆ ሄደ።

ቀጥሎ ኃይለኪሮስ አለፈ። ለስብሰባ ነው መሰለኝ፣ ወረቀቱን ብብቱ ሥር አድርጓል። ጩኸቴን ሰምቶ ቀና አለና አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚህች ሴት እንኳን ተረፍኩ የሚል ይመስላል። እርምጃውን አፈጠነ። እኔ ድምፄን ጨመርኩ፤ ከኋላዬ ሦስተኛውን መዝሙር ገና መጀመራቸው ነበር።